የአርባ ምርቃት

ባለፈው ሰኞ ለአንድ ጉዳይ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወጥቼ ነበር። ከድሮ ቤታችን በታች ባለው የድንጋይ ካብ ሥር ሳልፍ ነጠላዬን የሆነ ነገር ያዘኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቅጠለ ሰፊ፣ ፍሬው እሾሃም የሆነ አረም ነው። ላላቅቅ ስጎትት ቅጠሉ መዳፌ ላይ ተጨፈለቀ። ያደረ ጨርቅ የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ክፉ ሽታ አለው። መዳፌን አሸተትኩና እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። አንዲት መንገደኛ «ምነው እኅቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናታችን ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሳምንት፣ ለሥራ ወደ ቤይሩት ሄደች። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። እኔና ታናሽ እኅቴ ፍሬ ከእናታችን ጋር የምንኖረው በአያታችን በአባባ ደጀኔ ቤት ነበር። እማዬ የወጣችው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ አባባ ታክሲ ሊያቆሙላት ቀድመው ወደ ዋናው መንገድ ወርደው ነበር። እኔ ተኝቻለሁ። ስነቃ የእማዬ ቦታ አልጋው ላይ ቀዝቅዞ፣ ፍሬ ደግሞ ደጃፉ ላይ በባዶ እግሯ ተቀምጣ አገኘኋት።

«እማዬስ?» አልኳት።

አየችኝ እንጂ አልመለሰችም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከአፏ አንድ ቃል አልወጣም።

አምስት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት «ይቺ ልጅ ሬዲዮ ውጣለች እንዴ?» የምትባል ለፍላፊ ነበረች። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ «ልክፍት ነው፣ ሌላ አይደለም» ብለው ፈረዱ። አባባ እንጦጦ ወስደው ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቋት። የክረምት ጠበል አጥንት ይሰብራል፤ እሷ ግን ውሃው አናቷ ላይ ሲወርድ እንኳ አልጮኸችም፣ ጥርሷ ብቻ ይንቀጫቀጫል። አጠገባችን ስትጮኽ የነበረች አንዲት ሴት ፍሬን አየቻትና ዝም አለች። ቀስ ብላ ከእኛ ራቀች። ያን ጊዜ እኅቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራኋት።

በሰባተኛው ቀን አባባ ተስፋ ቆርጠው «ተዉአት፣ ዝም አይነቅዝም» አሉ። ብዙ የተናገረ ነው እንጂ ዝም ያለ አይጎዳም ማለታቸው ነው።

ያ ክረምት ሌላም ነገር ነበረው። የግቢያችን የቆርቆሮ በር ሲዘጋ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ጩኸት አለው። አባባ ማታ ማታ ሲዘጉት ፍሬ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ግጥም አድርጋ ትይዛለች። አባባ መቀርቀሪያውን ሦስት ጊዜ በሽቦ ይጠመጥሙታል። ጠዋት ስንነሣ ግን ሽቦው ተፈትቶ፣ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ በሩ ገርበብ ብሎ እናገኘዋለን። ሌባ እንዳንል የጠፋ ዕቃ የለም። እትዬ ዘነቡ «ወጥታ ያልተሰናበተች ነፍስ ናት እንዲህ የምትመላለስ» አሉ። አባባ ተቆጧቸው፤ እኔ ግን ሰምቼዋለሁ።

አባባ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ሃያ ምናምን ዓመት አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ጥንቸል ሲያበሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በሰፈራችን ጥንቸል የሚበላም የሚያረባም ስለሌለ፣ ሥራቸውን ሲጠየቁ «መንግሥት ቤት» ብለው ያልፉታል። ሲሰናበቱ ሁለት ያረጁ ጥንቸሎች ይዘው መጡ። «ሦስታችንም ጡረተኞች ነን» ይላሉ። ጥንቸሎቹ ነጭ ናቸው፤ ዓይናቸው ቀይ ነው፤ ጆሯቸው ውስጥ የተነቀሰ ቁጥር አለ። ስም ስላልነበራቸው አባባ በቁጥራቸው ይጠሯቸዋል። ሴቷ ሰባት፣ ወንዱ አርባ።

ድምፅ የላቸውም። ይህ ነው መጀመሪያ ያስፈራኝ። ዶሮ ይንጫጫል፣ በግ ይጮኻል፣ እነሱ ግን አፍንጫቸውን እያርገበገቡ ያዩሻል። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው አርባ በድንገት ጆሮውን ያቆምና የኋላ እግሩን ወለሉ ላይ ድው! ያደርጋል። ድው! ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው። እኔ ስመለከት ማንም የለም። አባባን ስጠይቃቸው «ጅብ ሸትቶት ይሆናል» አሉኝ። በቀን?

የእኔ ሥራ የጥንቸሎቹን ምርቃት መሰብሰብ ነበር።

«ስሚኝ ሶሲ» አሉኝ አባባ በመጀመሪያው ቀን፤ «የጥንቸል ምግብ ድርቆሽ ነው። ጠዋት ድርቆሽ፣ ማታ ድርቆሽ። የቀረው ሁሉ ምርቃት ነው።»

ነጋዴ መዝኖ ከጨረሰ በኋላ ጣል የሚያደርጋትን ጭማሪ ማለታቸው ነው። እኔ ምርቃት ሲባል የማውቀው ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ «እደጊ፣ ተመንደጊ» ሲል ስለነበር፣ ቅጠል በሰጠኋቸው ቁጥር በልቤ «እደጉ» እላቸዋለሁ። ያረጀ ጥንቸል ወዴት እንደሚያድግ እንጃ።

የአባባ ምርቃት እንደ ሙሽራ ነው የሚመረጠው። ካሮት ይዤ ስመጣ ሥሩን ቆርጠው ለወጥ ያስቀምጡና ቅጠሉን ይሰጡኛል፤ «ሥሩ ለእነሱ ከረሜላ ነው፤ በሳምንት የጣትሽን ጫፍ የምታህል ይበቃል።» ጥቅል ጎመን ሆድ ይነፋል። የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ ሽንኩርት፣ እንጀራ አጠገባቸው እንዳይደርስ። እትዬ ዘነቡ አንድ ቀን አዝነው የዳቦ ፍርፋሪ ቢያቀብሉ አባባ ሰው የገደሉ ያህል ጮኹባቸው። የካብ ሥር ጎርጠብ ግን እንደ ልብ ነው፣ የማገጥ ሣር በጭብጥ፣ ድምብላል ለሰንበት። ከእንጦጦ የለቀምኩት ጦስኝ አንድ ዘለላ ሲደርሳቸው አፍንጫቸው ሥራ ይበዛበታል። ከሁሉ የሚበልጠው በበጋ ለቅመን ያደረቅነው የቀጋ ፍሬ ነው፤ ቅርፊቱን ከፍለን የውስጡን ፍሬና ጸጉር ጠርገን እንሰጣቸዋለን። ደግሞ ክረምት ነውና ዝናብ የነካው ቅጠል አንድ በአንድ በጨርቅ ይደርቃል። ቅጠል ስጠርግ የዋልኩበት ጨርቅ እጄ ላይ አሁንም ያለ ይመስለኛል።

ቀጋውን መክፈል የፍሬ ድርሻ ነበር። ከሰው የሸሸችው ልጅ ቀኑን ሙሉ ከጥንቸሎቹ ቤት አትጠፋም። የሰጠኋትን ምርቃት ሁሉ ለሁለት ትገምሳለች። ግማሹን ለአርባ፣ ግማሹን ለራሷ። ጎርጠብም ቢሆን ታኝካለች። ለአባባ ሳቃጥር ሳቁ፤ «ለጥንቸል የተመረጠ ለሰው አይጎዳም፣ ተያት።»

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። ፍሬ ግንባሯን ሽቦው ላይ ለጥፋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ድምፅ የለም። አርባ ጆሮውን ወደ አፏ አስጠግቶ፣ ቀይ ዓይኑን ሳይሰብር፣ ያዳምጣል። ስጠጋ ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ። ሁለቱም አንድ ዓይነት አስተያየት ነበራቸው።

ፍልሰታ ሲገባ አባባ ወደ ጉሊት ላኩኝ። «ካሮት ከነቅጠሉ ስጪን፣ ለአርባ ነው በያት» አሉኝ። አትክልት የምትሸጠውን እትዬ ብርቄን ልክ እንደዚያው አልኳት።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ በሞትኩት! የማን አርባ?»

«የእኛ» አልኳት። ሌላ የማን ይሆናል?

በጣቷ ቆጠረች። እናታችን ከሄደች ስንት ቀን እንደሆነ እየቆጠረች እንደነበር የገባኝ ከንፈሯን ስትመጥ ነው። «አርባ ሊሞላት ነው፣ እውነትም» አለች ለራሷ። ካሮቱን ሳትመዝን፣ ድምብላል ጨምራ፣ በፌስታል ሞልታ ሰጠችኝ። «ነፍስ ይማር። እነዚህን ሕጻናት ሳያረዱ ዝም ብለው!»

አርባ ማለት ሰው በሞተ በአርባኛው ቀን የሚወጣው ተዝካር መሆኑን አውቃለሁ። ውጭ አገር የሞተ ሰው መርዶ ለልጆቹ እንደሚደበቅም አውቃለሁ፤ በሰፈራችን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ፌስታሉን ታቅፌ ዳገቱን ስወጣ ሁሉ ነገር ተገጣጠመልኝ። አባባ መርዶውን ደብቀዋል። ጥንቸሉን አርባ ያሉት ለዚህ ነው። በሩን የምትከፍተው እማዬ ናት። ፍሬ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ የነገረችው ግን ለአርባ ብቻ ነው።

(እማዬ አልሞተችም። በጥቅምት ደብዳቤዋ ከነፎቶግራፏ መጣ። ያን ቀን ግን ይህን የሚነግረኝ ማን ነበር?)

አባባን ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ከጠየቅኩ አዎ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

በዚያው ሳምንት ሰባትን አጣናት። ሊነጋጋ ሲል አንድ ጩኸት ሰማን፤ ሕጻን የጮኸ ነው የመሰለኝ። ጥንቸል በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትጮኽ አባባ የነገሩኝ በኋላ ነው። ስንወጣ የጥንቸሎቹ ቤት ሽቦ ተቀዷል፣ ጭቃው ላይ የጅብ ዱካ አለ፣ የግቢው በር ገርበብ ብሏል። አርባ ጥግ ላይ ተለጥፎ ድው፣ ድው ያደርጋል። አባባ የበሩን ሽቦ ከመሬት አንሥተው ብዙ አዩት። በአንድ ቀን ያረጁ መሰሉኝ። ፍሬ አርባን አቅፋ ስታለቅስ ድምፅ አልነበራትም፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል።

በማግሥቱ ከአባባ ጋር ጎርጠብ ልንለቅም ወጣን። ካቡ ሥር ሲደርሱ በዱላቸው አንድ አረም አጋደሙ።

«ይሄን እንዳትነኪ። አስተናግር ነው።»

«ለምን አስተናግር ተባለ?»

«ያስተናግራላ! የበላው ሰው አፉ አያርፍም፤ የልቡን ሁሉ ይዘከዝካል። ከሌለ ሰው ጋር እንኳ ያወራል።» ይህን ብለው ጎርጠባቸውን መልቀም ቀጠሉ።

እሳቸው ያስጠነቀቁኝ መስሏቸዋል። እኔ የሰማሁት የመድኃኒት ስም ነው። የሚያናግር ቅጠል! ለፍሬ ለመስጠት አላሰብኩም፤ ያን ያህል ሞኝ አልነበርኩም፤ አትንኪ የተባለ ነገር ለሰው አይሰጥም። ለአርባ ነው ያሰብኩት። ፍሬ የምትነግረውን ሁሉ የሰማ እሱ ነው። ለአንድ ቀን ቢናገር ምን አለበት? እማዬ ምን ሆነች ብዬ እጠይቀዋለሁ፣ ይነግረኛል፣ አበቃ።

ፍልሰታ ስለሆነ አባባ ቅዳሴ ሄደው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይመለሱም። ወርጄ ሁለት ቅጠልና አንድ እሾሃም ፍሬ ቀጠፍኩ፤ በጨርቅ ጠረግኳቸው፤ በጦስኝ ጠቀለልኳቸው። ምርቃት እንደ ደንቡ። ለአርባ ሰጠሁትና ቅጠሉን ሲበላ ቆሜ አየሁ። አኘከ፣ አኘከ፣ ዋጠ፣ አየኝ። «ተናገር» አልኩት። አፍንጫውን አርገበገበ። ፍሬ አጠገቤ ቆማ ታየናለች። እትዬ ዘነቡ ጨው አምጪልኝ ብለው ሲጠሩኝ ወደ ሱቅ ሮጥኩ። ግማሽ ለአርባ፣ ግማሽ ለራሷ የሚለው የፍሬ ሕግ አንድ ጊዜ እንኳ አልታሰበኝም።

ከሱቅ መልስ እትዬ ዘነቡ ወሬ ይዘውኝ ቆየሁ። ስመለስ ጉሙ ወርዶ ነበር። ከጉሙ ውስጥ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

ፍሬ ከአርባ ቤት ፊት ቆማለች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል፤ የዓይኗ ጥቁር ሰፍቶ ነጩን በልቶታል። ከአየር ላይ ክር እየመዘዘች በጣቷ ትጠቀልላለች። እግሯ ሥር እሾሃሙ ፍሬ እንደ ቀጋ ለሁለት ተከፍሎ፣ ውስጡ ተበልቶ፣ ቅርፊቱ ብቻ ወድቋል። አርባ ምንም ሳይሆን ድርቆሹን ይበላል።

«ዝም በይ የኔ እናት፣ ሶሲ እንዳትነቃ» አለች።

ድምፁ የእሷ አልነበረም። እማዬ ቃል ስትጨርስ «እህ» የምትል ትንሽ ሳል አለቻት፤ ፍሬ እሷንም ሳለች።

«እስክመጣ ድረስ ድምፅሽን እንዳልሰማ። እህ። በሩን እንዳትዘጊው፣ ይጮኻል፤ ገርበብ አድርጊው። መጣሁ፣ እሺ? አሁን መጣሁ።»

ከዚያ በራሷ ቀጭን ድምፅ «እሺ» አለች። ከዚያ ደግሞ እንደ አዲስ «ዝም በይ የኔ እናት» ብላ ጀመረች። እየደጋገመች፣ እየደጋገመች። እማዬ ሞታ በእኅቴ አፍ የመጣች መሰለኝ። ልጠጋትና ልይዛት ሲገባኝ አልያዝኳትም። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

አባባ ሲገቡ ጋቢያቸውን ጥለው አነሷት። ሰውነቷ እንደ ምድጃ ይፋጃል። እጄን ያዙና መዳፌን አሸተቱ።

«ለማን ነው የሰጠሽው?»

«ለአርባ። ለአርባ ብቻ ነው የሰጠሁት፣ አባባ!»

ሌላ አልጠየቁኝም። በጀርባቸው አዝለዋት ቁልቁለቱን በሩጫ ወረዱ። ያን ዕድሜ ይዘው እንዴት እንደሮጡ አላውቅም። ጤና ጣቢያ ሆዷን አጠቡላት፤ ሁለት ቀን እዚያው አደረች። እኔ እትዬ ዘነቡ ቤት ሆኜ አልበላሁም፣ አልተኛሁም። «እናቷ ልትወስዳት ነው የመጣችው» ይላሉ እትዬ ዘነቡ ለጎረቤት። እውነት መሰለኝ፤ በእኔ እጅ ልትወስዳት።

በሦስተኛው ቀን ፍሬ በአባባ ጀርባ ተመለሰች። ዳነች። ግን እንደ ድሮው ዝም።

አባባ ከአርባ ቤት ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ። ይገርፉኛል ብዬ ነበር። «ላቦራቶሪ ሳለሁ አንድ ሐኪም ነግረውኝ ነበር» አሉ፤ «ሰው የሚያሳብደውን ቅጠል አንዳንድ ጥንቸል በልቶት ምንም አይሆንም። ረሳሁት። ለጥንቸል የተመረጠ ለሰው አይጎዳም ያልኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ቀስ ብለው «ምን አለች?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳሉን ሳይቀር። እማዬ ሞታለች ወይ ብዬም ጠየቅኩ። «ማን አላት?» ብለው ደነገጡ። የእትዬ ብርቄን ነገር ስነግራቸው ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሳቁ ግን አልመጣም። ወደ በሩ ዞሩ። መሬት ላይ የወደቀውን ሽቦ አዩት።

«ታዝዛ ነው» አሉ። «እናቷን ታዝዛ ነው ዝም ያለችው! በሩንም እሷ ናት የምትከፍትላት። እኔ ሽማግሌው ጋኔን አለባት ብዬ ሰባት ቀን በረዶ ውሃ ውስጥ አቁሜ አስጨነቅኳት። ዝም አይነቅዝም አልኩ። ዝም ሲነቅዝ ይኸው አየሁት።» አለቀሱ። አባባን ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አሁን ተናገሪ እንበላት?» አልኳቸው።

«እኛ ምን ቤት ነን? ቃል የገባችው ለእናቷ ነው። የሚፈታት እናቷ ናት።»

እኛ ስንወጣም ስንገባም «መጣሁ» ነው የምንለው። ሱቅ ድረስ ለሚሄድ ሰው የአምስት ደቂቃ ቃል ነው። ፍሬ ያን የአምስት ደቂቃ ቃል ይዛ ክረምቱን ሙሉ ጠበቀች።

በማግሥቱ ከሰዓት የእማዬን አረንጓዴ ሹራብ ከሣጥን አወጣሁ። ሽታዋ አልለቀቀውም ነበር። ለበስኩት፤ እጅጌው ጉልበቴ ደረሰ። በጓሮ ዞሬ ወጣሁና በመንገዱ መጣሁ። ጉም ነበር። ገርበብ ያለውን በር ገፋ አድርጌ፣ እማዬ ከገበያ ስትመጣ እንደምትለው፣ በእሷ ድምፅ፣ «ቤቶች! መጣሁ!» አልኩ። «እህ።»

አርባ እግሩን ድው አደረገ።

ፍሬ የካሮት ቅጠል ይዛ ብድግ አለች። ከእግሬ ጀምራ ሹራቡን እስከ አንገቴ አየችው። ከዚያ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ከትከሻዬ ኋላ መንገዱን ማየት ጀመረች። ቆየች። ከኋላዬ አንድ ሰው የቆመ መሰለኝ፤ ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም። የእሷን ፊት ብቻ ነበር የማየው። «መጣሁ» ያለችውን ሰው ስትፈልግ፣ ስትፈልግ፣ ስታጣት በፊቷ ላይ አየሁ።

የያዘችውን ቅጠል አልገመሰችውም። ሙሉውን ለአርባ ሰጠችው።

«ሶሲ» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል። «በሩን ዝጊው። ጅብ ይገባል።»

ዘጋሁት። በሩ እንደ ልማዱ ጮኸ። ፍሬ ጆሮዋን አልያዘችም።